የያለም ሞተር ሚኒሞ አልይዝ ያለች ጊዜ

ነይ እስቲ ሳምራዊት፣ ጠጋ በይ ወደዚህ፤ እናንተም ልጆች በሩን ግጠሙና ተቀመጡ። ኅዳር ነው፣ የቆሰበር ውርጭ እንግዲህ ጀመረ፣ ጠዋት ሣሩን ስትረግጪው እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ባለ ኅዳር ነው ይህ የምነግርሽ ነገር የሆነው። አንቺ ገና ጡት አልተውሽም ነበር።

በእኛ ጊዜ ሞተር የሚባል ነገር የት አውቀን! በእኛ ጊዜ ሰው ራቅ ያለ አገር ሲሄድ ፈረሱን ጭኖ ነው፣ ዳንግላ ገበያም በፈረስ፣ ሠርግም በፈረስ። ፈረሱ ሲደክመው ያሳውቅሻል፣ ሲታመም ያሳውቅሻል፣ ጆሮውን አይተሽ ትረጂዋለሽ። ሞተር ምን ጆሮ አላት! ታዲያ የእናትሽ ሥራ በሞተር ሆነና እኔም በስተርጅና ስለ ሞተር ተማርኩ። አትሳቁ! ካንዴላ ምን እንደሆነ ልጠይቃችሁ? ታዲያ!

እናትሽ ያለም አዳቃይ ናት። ላሚቱ ኮርማ ስትፈልግ ሰው ኮርማ ፍለጋ አይዞርም፣ ለእርሷ ይደውላል። እርሷም ያን ዘሩ በብርድ የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ጭስ የመሰለ ነገር የሚወጣውን፣ ከሞተሯ ኋላ አስራ ከች ትላለች። እና ላም ደግሞ አትጠብቅም የኔ ልጅ። ዛሬ ጮኸች ከተባለ ዛሬ ነው፣ ቢበዛ ነገ ማለዳ። ካመለጠ አመለጠ፣ እስክትጮህ ሌላ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለባለ ላሟ ሦስት ሳምንት ቀላል ይመስልሻል? አንዲት ላም ብቻ ላለው ሰው?

መሥሪያ ቤቱ የሰጣት ሞተር አሮጌ ናት። ቀይ ነበረች ይሉኛል፣ እኔ ሳያት ግን ቀለሟ ተፍቆ ተፍቆ የሸክላ ድስት መልክ ይዛለች። ከእናትሽ በፊት ስንቱ ጋልቧታል። ስትሄድ ግን ደኅና ናት፣ ዳገቱንም ትወጣዋለች። ጉዱ ስትቆም ነው። እጅሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ድድድድ እያለች፣ ቆማ በራሷ መተንፈስ አለባት፣ ይህን መካኒኮቹ ሚኒሞ ይሉታል። እርሷ ግን እጅ ሲነሳላት ድድድ... ድድ... ድ... እፍ! ጠፋች። በሩ ላይ ልጅ ቆሞ፣ እፍ! ወንዝ መሻገሪያው ላይ ከብት አላሳልፍ ብሎ፣ እፍ! ከጠፋች ደግሞ፣ ሞቃለችና፣ አትነሳም። እናትሽ ትረግጣለች፣ ትረግጣለች፣ ከዚያ እየገፋች ትሄዳለች። ያን ሁሉ ዕቃ ይዛ። ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን አርሶት፣ አንቺ እዚህ እኔ ጀርባ ላይ እያለቀስሽ።

እና የሚገርምሽ፣ ማለዳ ከቤት ስትነሳ ሞተሯ ምንም የላትም። እንደ ሙሽራ ዝግ ብላ ድድድድ ነው። "እማዬ፣ ዛሬስ ተሽሏታል!" ትለኛለች እናትሽ። ተሽሏታል ብላ ትወጣለች፣ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች።

ዘንገና ሐይቅ ዳር እንጉዳይ የምትባል ሴት አለች፣ ታውቂያታለሽ፣ ያች ሳቂታዋ፣ ባሏ የሞተባት። አንዲት ላም ብቻ ናት ያለቻት። እናትሽ ለእርሷ ላም ሳትደርስ ቀረች። ሌላ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ደወለች፣ አሁንም ሞተሯ መንገድ ላይ ጠፍታ ሳትደርስ ቀረች። ሌላው ገበሬ ቢሆን መሥሪያ ቤት ሄዶ ይጮሃል፤ ጮኸውማል። እንጉዳይ ግን አንድ ቀን አልከሰሰቻትም። "ላሜ ትጠብቅሻለች፣ አንቺ ብቻ በደኅና ድረሺ" ነው የምትላት። እግዜር ይስጣት፣ እኔ ይህን አልረሳላትም።

ታዲያ ኃላፊዋ ጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አዝኖ ነው የነገራት። "ያለም፣ ገበሬው እየመጣ ይጮህብኛል፣ ደወልን አልደረሰችም ይላል። ይህን ወር ልይልሽ። ካልተስተካከለ አካባቢውን ለሌላ ሰው እሰጥና አንቺን ቆላ ካለው ጣቢያ ነው የምመድብሽ" አላት። ቆላ! ወባው ያለበት! አባትሽ ያኔ ለሥራ ሩቅ ነበር። እንግዲህ እናትሽ ወይ አንቺን ይዛ ወባ ውስጥ ትወርዳለች፣ ወይ ጡት አስጥላ ለእኔ ትታሽ ትሄዳለች። ማታ መጥታ ነገረችኝ፣ እና አንቺን አቅፋ ቁጭ አለች፣ እራትም አልበላች።

ወንድሜ አያ ተገኘም ሰማ። አያ ተገኘን ታስታውሺዋለሽ? እርሱ እኮ በወጣትነቱ በዚህ አገር ፈረሰኛ ከተባለ ፈረሰኛ ነው። የመጨረሻው ፈረሱ ከሞተበት በኋላ ቤታችን ገባና እጁ ሥራ አጣ፣ ይህን ያነሳል ያን ያስቀምጣል። ታዲያ የእናትሽ ሞተር ስትመጣ እርሱ ተሾመባት። ማታ ማታ እርሱ ነው በረንዳ የሚያስገባት፣ ጭቃዋን ይጠርጋል፣ የሚለብሰውን የበግ ጸጉር ባና ያለብሳታል። "ላብ ይዟታል፣ ብርድ ይመታታል" ይላል። እኔ "ኧረ አያ፣ ብረት እኮ ናት!" ስለው፣ "ብረት ብትሆንስ? ልጄን ተሸክማ አይደል የዋለች?" ይለኛል። ጋልባት ብትይው ግን አይሞክራትም። "እኔ ተገኘ እግሬን ዘርግቼ ቆርቆሮ ላይ? ሞቼ ነው!"

እሺ። ሞተሯን እዚህ ቆሰበር ደረጀ ጋ ወሰደቻት። ደረጀ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጋራዡም ከቤታችን ሩቅ አይደለም። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፤ ከማጣሪያው የባና ጸጉር ወጣ፣ እርሱን ሳቅንበት። አስነሳት፣ ድድድድ፣ ደኅና ናት። "ይቺማ ጤነኛ ናት እኮ እህቴ" አላት። በማግስቱ መንገድ ላይ እፍ! መለሰችለት። ሚኒሞውን በብሎኗ ከፍ አደረገላት፣ እና ማለዳ ቤት ስትነሳ እንደ ወፍጮ ጮኸች፣ ዶሮው ሁሉ ተበተነ፣ መንገድ ላይ ከሞቀች በኋላ ግን ያው እፍ! ኋላ ደረጀ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "እኔ ደክሞኛል እህቴ፣ አልዋሽሽም። ዳንግላ ጋሪ መቆሚያው አጠገብ ይማም የሚባል ሰው አለ፣ የቆየ መካኒክ ነው፣ ለእርሱ አሳዪው" አላት። አየሽ፣ አላውቅም ማለት የሚችል ሰው። እሱንም አመሰግነዋለሁ።

ታዲያ እናትሽ ሞተሯን እየነዳች፣ ዕቃዋንም ኋላዋ አስራ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ቢደወልልኝ ብላ፣ ወጣች። እኔ አንቺን አዝዬ፣ አያ ተገኘም ዱላውን ይዞ፣ ሚኒባስ ተሳፈርን። "አያ፣ አንተ ምን ልትሆን ትመጣለህ?" ብለው፣ "ሐኪም ቤት ስትሄድማ ብቻዋን አትሄድም" አለኝ። ሞተሯን እኮ ነው የሚለኝ!

ዳንግላ ስንደርስ እናትሽ ቀድማን ኖሮ ልክ ከይማም በር ላይ ስትቆም አየናት፣ እጇን ስታነሳ፣ ድድ... ድ... እፍ! እንባዋ መጣ። ይማም ግን ከውስጥ ብድግ ብሎ እጆቹን ዘርግቶ፣

"አልሐምዱሊላህ! እዚሁ ሞተችልኝ!" አይልም?

አያ ተገኘ ተቆጣ። "ምን ያለ ሰው ነው ይሄ! በሞቷ ደስ ይለዋል?"

"አባቴ፣ አብሽሩ፣ አይቆጡኝ" አለ ይማም እየሳቀ። ወሎ ነው የተወለደ፣ ልጅ ሆኖ በሰፈራው ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ወደ ቆላው መጣ፣ ኋላ ዳንግላ ገባ። "ሌላው ጋ ጤነኛ መስላ ነው የምትቀርብ። እኔ ጋ እንደታመመች መጣችልኝ። አሁን ማንም እንዳይነካት፣ ትብረድም አልልም፣ እንደሞቀች ነው የምፈልጋት" አለ፣ እና ጎንበስ ብሎ እናትሽን ይጠይቃት ጀመር።

"ካንዴላው?"

"ተቀይሯል።"

"ካርቡሬተሩ?"

"ታጥቧል። ደረጀ ሁሉን ነገር ሠርቷል።"

"ልጁ በደንብ ሠርቷል፣ አየዋለሁ። ማለዳ ቤትሽ ስትነሳስ?"

"ደኅና ናት። እንዲያውም ከደኅናም ደኅና።"

"ከሞቀች በኋላ?"

"እንዳየኸው።"

"እህ" አለ፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ታዲያ በመሃል አንድ የሚለወጥ ነገር አለ። ሲበርድ አንድ ዓይነት፣ ሲሞቅ ሌላ ዓይነት የሆነ ነገር።"

ሞተሯን አስገፍቶ አስነሳትና እንዳትጠፋበት ነዳጁን በጣቱ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ይዞ፣ "ያን ማንቆርቆሪያ አቀብሉኝ" አለ፣ ለስግደት የሚታጠብበትን። እኔ ነኝ ያቀበልኩት። "እናቴ፣ ሕፃኗን ዝም ያሰኙልኝ፣ ጆሮዬን እፈልገዋለሁ" አለኝ። አንቺ ትጮሂያለሽ! ጣቴን አጎረስኩሽ። እና ይማም ከማንቆርቆሪያው ውኃ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ በሞተሯ ጎን ያንጠባጥብ ጀመር። አንዱ መጋጠሚያ ላይ ጠብ፣ ምንም የለም። ሌላው ላይ ጠብ፣ ምንም የለም። ሞተሯ እንደ ታመመ ሰው ድ... ድድ... ድ... እያለች ነው። ከዚያ በካርቡሬተሩና በሞተሯ መካከል አንዲት አጭር የጎማ ቱቦ አለች፣ እርሷ ላይ ጠብ ሲያደርግ፣ ድድድድድድ! ተስተካከለች! ሁላችንም ሰማን። ውኃው ሲደርቅ ደግሞ ድ... ድድ... ደግሞ ጠብ፣ ድድድድድ!

"አገኘሁሽ!" አለ ይማም። "እዚህ ጋ ነው አየር የምትሰርቅ። ነዳጅና አየር በልኩ መግባት አለበት፣ በስንጥቁ የማይፈለግ አየር ይገባና ቆማ ስትሆን ትንፋሽ ያጥራታል። ውኃው ስንጥቁን ሲደፍንላት አያችሁ ደስ ሲላት?"

አጠፋትና ጎማውን ፈትቶ አወጣ። ጎማው አብጧል፣ ለስልሷል፣ እንደ ነፈረ ባቄላ ልጣጭ ሆኖ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ይማም በጣቱ አሻሸው። ዓይኑን ወደኛ አደረገ። ጣቱን አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

"ቅቤ!" አለ። "ወላሂ ቅቤ ነው! ይቺን ሞተር ሙሽራ ያደረጋት ማነው?"

እኔ እናትሽን አየሁ፣ እናትሽ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዞረን አያ ተገኘን አየነው። ዱላው ላይ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

"ቆዳ መስሎኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን አልከኝ አጎቴ?" አለች እናትሽ።

"ቆዳ መስሎኝ ነዋ! ጥቁር ነው፣ ይታጠፋል፣ ብርድ ሰነጠቀው። የኮርቻ ጠፍር ሲሰነጠቅ ቅቤ ካልተቀባ ምን ይደረጋል? አንድ ቀን ቀባሁት። ሳየው ስንጥቁ ባሰበት፣ ደግሞ ቀባሁት።"

ይማም ጭንቅላቱን ያዘ። "ኧረ አባቴ! ጎማ ቅቤ ጠላቱ ነው፣ ያብጥና ይበጣጠሳል። እና ማታ የቀቡትን የቆሰበር ውርጭ ያረጋዋል፣ ስንጥቁን ይደፍነዋል። ማለዳ ጤነኛ! መንገድ ላይ ስትሞቅ ቅቤው ይቀልጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። ያ ልጅ እንዴት ያግኘው! እኔም በብርድ ብትመጣልኝ አላገኘውም ነበር።"

እናትሽ ያን ሁሉ መንገድ እያሰበች ነው። "አጎቴ" አለች፣ "ስንት ቀን ገፍቻታለሁ፣ ታውቃለህ?"

"ስትገፊ አይቼሽ እኮ ነው አብዝቼ የቀባሁት!" አለ አያ ተገኘ።

እንዲህ ሲል ይማም ሳቁ አመለጠው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ሳቅኩ። እናትሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ እና ሳቋ ቀደማት፣ እያለቀሰች ነው የምትስቅ፣ ሄዳ አንገቱን አቀፈችው። አያ ተገኘ ግን አልሳቀም። ሽማግሌ ሲያፍር አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዲያ ነው የሆነው።

ይህን ጊዜ የእናትሽ ስልክ ጮኸ። እንጉዳይ ናት፣ ከዘንገና። ከስልኩ ውጪ ለሁላችን ይሰማል፣ "ያለምዬ! ላሚቱ ከማለዳ ጀምራ ትጮሃለች፣ አጥሩን ልታፈርስብኝ ነው! እኔ እኮ አልጨቀጭቅሽም፣ ግን ጎረቤቶቼ ዛሬም ካልያዘች ለገና ሥጋ ሽጪያት ይሉኛል!"

እናትሽ የተፈታውን ጎማ አየች፣ የተፈታችውን ሞተር አየች። "ይህን ጎማ የት አገኛለሁ? ላሚቱ አትጠብቅ!"

"እዚህ የለም" አለ ይማም። "ባሕር ዳር ላኩልኝ ብል ዛሬ አይደርስም።" ከዚያ ግድግዳው ሥር ወደ ቆመች ሞተር ሄደ። ከኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት፣ ግን ንጹሕ። ጎንበስ ብሎ ይፈታታል።

"ይህቺ የማን ናት?" አልኩት።

"የእኔው።"

"ታዲያ አንተስ በምን ትሄዳለህ?"

"እናቴ፣ እኔ ዳንግላ ውስጥ ነኝ፣ ጋሪ ሞልቶልኛል። ላሚቱ ግን አትጠብቅም አይደል ያሉኝ?" አለኝ። ያላልኩትን! እናትሽ ናት ያለችው። ጎማውን አውጥቶ ለኛዋ ገጠመላት፣ ደረጀ ከፍ ያደረገውን ብሎን ጆሮውን አቅርቦ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው፣ እና እጁን አነሳ። ድድድድድድ። ጠበቅን። ድድድድድድ። ደግሞ ጠበቅን። አትጠፋም! እንደሞቀች፣ ቆማ፣ ማንም ሳይነካት! "በሉ ሂዱ፣ የሌላው ነገር ሁሉ ኋላ ይደርሳል" አለና ወደ በሩ ገፋን።

እናትሽ ተቀመጠች። አያ ተገኘ ግን ዱላውን አንስቶ መንገድ ጀመረ።

"አጎቴ፣ ወዴት ነው?"

"በእግሬ እመጣለሁ።"

"ከዳንግላ ቆሰበር በእግርህ?"

"ከእናንተ ጋር የምቀመጥበት ፊት የለኝም።"

"ና ኋላዬ ውጣ!"

"ሞተር ላይ? እኔ ተገኘ?"

"አዎ አንተ! እስከ ዛሬ የገፋኋት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ብትጠፋ የምትገፋት አንተ ነህ። ውጣ ብያለሁ፣ ላሚቱ ትጠብቃለች!"

ወጣ! ኧረ ባየሽው! ያን ጭስ የሚወጣውን ዕቃ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሯ ስትነሳ "ቀስ! ቀስ በይ አንቺ!" እያለ። ሞተሯን ይሁን እናትሽን የሚለው፣ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ያለውን እኔ አላየሁም፣ አንቺን ይዤ በሚኒባስ ነው የተመለስኩ። እንጉዳይ ናት የነገረችኝ። በጥሩ ፀሐይ ደረሱ። እናትሽ ሞተሯን በር ላይ አቆመችና አላጠፋቻትም፣ ብትጠፋም ልወቀው ብላ መሰለኝ፣ እንደበራች ትታት ወደ ላሚቱ ገባች። አያ ተገኘ ሞተሯ አጠገብ ቆሞ፣ ሰው ሲጠጋ እጁን እያነሳ "ዝም በሉ፣ እየተነፈሰች ነው" ይላል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ ላም መያዝ አለ፣ መታጠብ አለ፣ ዘሩን በሞቀ ውኃ ማቅለጥ አለ። እናትሽ ጨርሳ ስትወጣ ሞተሯ ድድድድድ። እንጉዳይ አንድ ኩባያ እርጎ ይዛላት ወጣች። እናትሽ ኩባያውን ይዛ፣ ሌላውን እጇን የሞተሯ ወንበር ላይ አድርጋ ቆመች።

"አታጠፊያትም?" አላት አያ ተገኘ።

"ትንሽ ትቆይ አጎቴ" አለችው። "ልስማት።"

እንዲህ ነው የሆነው እንግዲህ። ላሚቱ በዚያው ያዘች፣ ጊደር ወለደችላት፣ ያች ጊደር ዛሬ ራሷ ወላድ ናት፣ የእንጉዳይ ልጆች ወተት ይሸጣሉ። ኃላፊው ወሩን አየላት፣ ደውለን አልመጣችም የሚል አንድ ሰው አልመጣበትም፣ የቆላውን ነገር ደግሞ አላነሳውም። ኋላ እርሱ ራሱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ይማም ጎማው ከባሕር ዳር እስኪመጣለት በጋሪ ሲመላለስ ከረመ፣ ዛሬም ዳንግላ አለ፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ አማቹ ነው የሚሠራ፣ እርሱ ተቀምጦ ይሰማል። በኢድ እኛ እንደውልለታለን፣ በጥምቀት እርሱ ይደውልልናል። ደረጀ ጋራዡን አስፍቷል፣ ሚስት አግብቷል። ያች ሞተር አርጅታ መሥሪያ ቤቱ ወሰዳት፣ ለእናትሽ ሌላ ሰጧት። አያ ተገኘ ካቻምና በጾሙ አረፈ፣ ነፍሱን ይማርልኝ፣ የወንድሜን። ከዚያ ቀን በኋላ እናትሽ ዘንገና በሄደች ቁጥር ከኋላዋ ተፈናጦ ነበር የሚሄድ፣ እምቢ አይልም፣ አያፍርም።

"እኔስ እማማ?"

አንቺማ! አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ቆላ አልወረድሽ፣ ወባ አልነካሽ፣ እስክትጠግቢ ጠብተሽ ነው ጡት የተውሽ። ይኸው እግርሽን እኔ ላይ ጭነሽ ተቀምጠሻል፣ አደንዝዘሽኛል። ተመስገን ነዋ! አንሺው አሁን፣ ልነሳበት፣ ሃሃ!